የወደቡ ቧንቧና የናሱ ምልክት

የባሕርን ከፍታ የሚለካ ጣቢያ ለዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። ወደብ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቧንቧ፣ ከላዩ ትንሽ ጎጆ፤ በቃ። የቧንቧው የታች ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የሞገዱ ግርግር አይገባም፤ ውስጥ ያለው ውሃ የሚከተለው ዝግተኛውን ሙላትና ጉድለት ነው። ድሮ ተንሳፋፊ ከብዕር ጋር ተያይዞ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ራዳር ተክቶታል። የወደብ ከተማ ስሄድ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው ያንን ቧንቧ ነው።

ሰው የሚዘነጋው ግን በአቅራቢያው ዓለት ወይም ግንብ ላይ የተተከለውን የናስ ምልክት ነው። ቀያሾች ቤንች ማርክ ይሉታል። ባሕሩ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ የሚባለው ከእሱ አንጻር ነው፤ እሱ የተተከለበት ምድር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

በቴርሞሜትሩ የምናውቀው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ በ1731 እ.ኤ.አ. ሎቭግሩንድ በምትባል ደሴት ዳርቻ የውሃውን ልክ ዓለት ላይ አስቀረጸ። ውሃው እየቀነሰ ነው ብሎ ያምን ነበር። ያ ጭረት ዛሬ ከባሕሩ ወደ 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከፍ ያለው ግን ዓለቱ ራሱ ነው። ስካንዲኔቪያን ተጭኖ የነበረው ግዙፍ ግግር በረዶ ከቀለጠ ወደ 10,000 ዓመት ቢጠጋም፣ የጎበጠው ምድር እስካሁን ቀና እያለ ነው። ስቶክሆልም ከ1774 ጀምሮ የያዘችው መዝገብም ባሕሩ በዓመት በአማካይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲወርድ ያሳያል። ቴክሳስ ውስጥ ጋልቬስተን ላይ ተቃራኒው ነው፤ ምድሩ ስለሚሰምጥ ባሕሩ በዓመት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የወጣ ይመስላል።

ስለዚህ የስቶክሆልምን መስመር ብቻ ይዞ «ባሕር አልጨመረም» የሚለውን ሰው አልታገሥም፤ በጋልቬስተን ብቻ የሚያስፈራራውንም እንዲሁ። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጨመሩ የታወቀው ብዙ ወደቦች ተመዝነው፣ የምድሩ ንቅናቄ ተቀንሶ ነው። ከ1933 ጀምሮ የወደቦቹን መዛግብት የሚያሰባስብ ሊቨርፑል ያለ ተቋም ሁለት ዓይነት መረጃ ያቀርባል፤ አንዱ እንደመጣ ያለ፣ ሌላው ከቤንች ማርክ ጋር የታሰረ። የዘመናት ለውጥ የምታጠኑ ሰዎች፣ እባካችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ! የመጀመሪያው መሣሪያው በተቀየረበት ዓመት ሳይታወቅ ሊዘል ይችላል።

ዛሬ በብዙ ጣቢያዎች አጠገብ የጂፒኤስ መቀበያ ተተክሎ የምድሩን መውጣትና መውረድ ለብቻው ይለካል። ሳተላይቶች ከ1992 ወዲህ ባሕሩን ከሰማይ ቢለኩም፣ ልካቸው ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ቢዛባ የሚታወቀው ከእነዚሁ ቧንቧዎች ጋር ሲመሳከር ነው።