ለሞተር የተሰፋ ልብስ

በ1949 በተሠራ ጃጓር ኤክስኬ 120 ፓራፋንጎ ላይ ማግኔት ቢያስጠጉ ተንሸራቶ ይወድቃል። በ1952 የተሠራው ታናሽ ወንድሙ ላይ ግን እዚያው ቦታ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ወደ በሩ ሲያዞሩት ደግሞ እንደገና ይወድቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ለሚያይ ሰው መልካቸው አንድ ነው፤ ረጅም ኮፈን፣ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል ጎን፣ ጠባብ ወገብ። ከቀለሙ በታች ያለው ግን ለየቅል ነው። ይህን ያመጣው የውበት ምርጫ ሳይሆን ችኮላና የብረት እጥረት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመኪናው በፊት ሞተሩ ነበረ። የእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት በጀርመን ቦምቦች ስትጋይ፣ በከተማዋ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዱ ያኔ ኤስኤስ ይባል የነበረው የዊሊያም ላየንስ ድርጅት ነው። በጦርነቱ ዓመታት ሠራተኞች ተራ ገብተው ሌሊት እሳት ይጠብቁ ነበር። ላየንስ ከዋና መሐንዲሱ ዊሊያም ሄይንስ፣ ከዋልተር ሃሰንና ከክሎድ ቤይሊ ጋር በአንድ ተራ ተመደበ። ቦምብ በማይወርድባቸው ሌሊቶች ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሠሩት ሞተር ያወሩ ነበር። ሰላም ሲመጣ የድርጅቱን የቀድሞ ስም ይዞ መቀጠል አልተቻለም፤ ሁለቱ ፊደላት በናዚዎች ምክንያት ጠልሽተው ነበርና በ1945 ጃጓር ተባለ። የሞተሩ ሙከራዎች ኤክስ በሚለው ፊደል ጀምረው አንድ በአንድ እየተሻሻሉ ኤክስኬ ላይ ደረሱ።

የዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች ቫልቭ የሚከፈተው ከሥር ባለ ካምሻፍት ነው። ካምሻፍቱ ረጅም ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉ መዶሻ የመሰለ ብረት ያነሣል፣ ያም ቫልቩን ይጫናል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ይህ ሁሉ ቅብብል አያስቸግርም። በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ግን እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ ከ40 ጊዜ በላይ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ከባዱ ዘንግ በፍጥነት መመለስ ያቅተዋል፤ ቫልቩም በሰዓቱ አይዘጋም። እነ ሄይንስ ሁለት ካምሻፍት ሠርተው ሁለቱንም ቴስታታው ላይ አወጧቸው፤ አንዱ አየርና ቤንዚን በሚያስገቡት ቫልቮች፣ ሌላው ጭስ በሚያስወጡት አናት ላይ። መሐል ላይ የነበረው ዘንግ ሁሉ ቀረ። ቫልቮቹ ግራና ቀኝ ዘንበል በማለታቸው ቤንዚኑ የሚነድበት ጉድጓድ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን መሰለ፤ ለትላልቅ ቫልቮች ቦታ ተገኘ፣ ካንዴላውም ወደ መሐል ቀረበ። እንዲህ ያለ አሠራር ከዚያ በፊት በውድድር መኪኖችና እጅግ ውድ በሆኑ ጥቂት መኪኖች ላይ ካልሆነ አይታይም ነበር። ስድስት ሲሊንደርና 3,442 ሲሲ ያለው ይህ ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት ሰጠ።

ሞተሩ የታሰበው ለትልቅ የቤተሰብ መኪና ነው። ያ መኪና ግን አልደረሰም። በዚያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት በዕዳ ተይዞ ስለነበር ብረት የሚያድለው ምርቱን ውጭ አገር ሸጦ ዶላር ለሚያመጣ ፋብሪካ ነው። ላየንስ በኦክቶበር 1948 ለንደን ለሚከፈተው የመኪና ትርኢት ሞተሩን ይዞ መቅረብ ፈለገ፤ ለዚያም የሚያለብሰው አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር። የሌላ መኪና ሻንሲ ተቆርጦ አጠረ። ላየንስ ራሱ ከላሜራ ቀጥቃጮች ጋር ቆሞ፣ በዓይኑ እየለካ፣ “እዚህ ጋ ትንሽ አውጡት” እያለ በሚመስል መንገድ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅርጹን አወጣ። ታዲያ የመኪና ውበት በሒሳብ ብቻ ይገኛል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እቅዱ 200 ያህል ሠርቶ ማቆም ነበር። ለዚህ ቁጥር ብረት የሚጨፈልቅ ትልቅ ቅርጽ ማውጫ ማሠራት ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሠረገላ ከእንጨት አጽም ተሠራለት። እንጨቱ አሽ የሚባል፣ የመጥረቢያና የአካፋ እጀታ የሚወጣው የአውሮፓ ዛፍ ነው፤ በዕፅዋት አመዳደብ ከእኛ ወይራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በላዩ በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ተለበጠ። አሉሚኒየም የጦር አውሮፕላን ማምረቻ የነበረችው እንግሊዝ ከብረት ይልቅ በቀላሉ የምታገኘው ነበርና።

ትርኢቱ ሲከፈት ሰው ተረባረበ። ዋጋው ያለ ቀረጥ 998 ፓውንድ፣ ስሙ ላይ ያለው 120 ደግሞ በሰዓት 120 ማይል፣ ማለትም 193 ኪሎሜትር፣ እሄዳለሁ የሚል ፉከራ ነው። ብዙዎች አላመኑም። ሜይ 30 ቀን 1949 ጋዜጠኞች ቤልጅየም ውስጥ ጃቤክ በምትባል ቦታ በተዘጋ አውራ ጎዳና ዳር ተሰበሰቡ። የፋብሪካው ሾፌር ሮን ሰተን የፊት መስታወቱን አስነቅሎ በሰዓት ከ213 ኪሎሜትር በላይ ነዳው። ሸራ ጣሪያውን አልብሶም ከ200 አለፈ። ትዕዛዙ ጎረፈ፤ 240 ገደማ የአሉሚኒየም መኪኖች በእጅ ከተሠሩ በኋላ በ1950 በማሽን ወደሚታተም ብረት ተዛወሩ። በር፣ ኮፈንና የኋላ ክዳን ብቻ አሉሚኒየም ሆነው ቀሩ፤ ማግኔቱን ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። እስከ 1954 ድረስ ከ12,000 በላይ ተሠርተው አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ተጫኑ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የፊልም ተዋናዩ ክላርክ ጌብል ነው።

መሄድ ይችላል፤ መቆም ነው ችግሩ። 1,300 ኪሎግራም የሚመዝን ነገር በሰዓት 190 ኪሎሜትር ሲከንፍ የያዘው ጉልበት አምስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፍሬን ማለት ይህን ሁሉ ጉልበት በጥቂት ሴኮንድ ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ኤክስኬ 120 የተገጠመለት ታምቡር ፍሬን ነው፤ የፍሬን ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ እየተገፋ የሚሽከረከረውን ታምቡር ያሻሻል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይሸሻል። ሸራው ራሱ ሲቃጠል ይንሸራተታል። የኋላ ጎማዎቹ ለውበት ሲባል በክዳን መሸፈናቸው ደግሞ አየር እንዳያገኝ አደረገው። በ1950ው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከገቡት ሦስት መኪኖች አንዱን የሚነዱት ሌስሊ ጆንሰንና ጓደኛው ፍሬናቸው እንዳያልቅ በማርሽ እያቀዘቀዙ ሄዱ፤ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ግን ፍሪሲዮኑ ሞተ። ፍሬን ያዳነ ፍሪሲዮን ገደለ። ጃጓር ችግሩን የፈታው በ1953 ነው፤ ያው የኤክስኬ ሞተር ያለው የውድድር መኪናው በዲስክ ፍሬን ለ ማንን አሸነፈ። ዲስክ ሲግል ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ አይሸሽም፣ አየርም ያገኘዋል።

እግረ መንገዴን፦ እንግሊዝ ስለሠራው መኪና ሳወራ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፓራፋንጎ ማለቴ ለአዲስ አበባ መካኒክ እንግዳ አይሆንበትም። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያን የተማረከ ነው።

ዛሬ ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ሊገዛ የሚሄድ ሰው እንደ ሐኪም ነው መመርመር ያለበት። የአሉሚኒየሙ በሽታ ሌላ ነው፣ የብረቱ ሌላ። አሉሚኒየም ብቻውን ሲሆን አየር ባገኘው ቅጽበት በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አውጥቶ ራሱን ይጠብቃል። ብረት በነካው ቦታ እርጥበት ከገባ ግን ሁለቱ ሳይታሰብ ባትሪ ይሆናሉ። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮኑን ለብረቱ እየሰጠ ራሱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ጨው ሲጨመር ደግሞ ይፈጥናል። ለዚህ ነው በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች የከረመ መኪና በደረቁ ካሊፎርኒያ ካረጀው እኩል የማይሆነው። በብረቱ ቦዲ ላይ ዝገቱ ከበላው ብረት በእጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ በሁለት የተበየዱ ላሜራዎች መሐል ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቃቸዋል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ከታየ ከውስጥ ያለው ሥራ ቆይቷል ማለት ነው።

ብልጣ ብልጥ ጥገና ይህን በስቱኮ ይሸፍናል። ማግኔቱ እዚህ ዳግም ይጠቅማል፤ ወፍራም ስቱኮ ካለ ከብረቱ ላይ እንኳን ይለቃል። ለአሉሚኒየሙ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ተለዋዋጭ መግነጢስ ሲያስጠጉት አሉሚኒየሙ ውስጥ ትናንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሣሉ፣ የአዙሪቱም ጥንካሬ ቀለሙ ምን ያህል እንደወፈረ ይናገራል። ጤነኛ ቀለም ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም።

ከዚያ ቁጥሮቹ አሉ። ሻንሲ፣ ሞተር፣ ካምቢዮና ቦዲ ለየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ መሪያቸው በግራ የሆነ ክፍት መኪኖች የሻንሲ ቁጥር የሚጀምረው ከ670001 ነው። የፋብሪካው መዝገብ ስለተረፈ፣ ለአንድ መኪና የትኛው ሞተር እንደገባለት፣ ቀለሙ ምን እንደነበር፣ መቼና ወደ የትኛው ወኪል እንደተላከ ዛሬም ማወቅ ይቻላል። ቁጥሩ የገጠመ መኪና ዋጋው ይሰቀላል። እኔ ግን እንደ አዲስ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ቆዳው የተሰነጣጠቀው ይማርከኛል። ጎጆ ክዳኑ በየጊዜው ይታደሳል፤ ምሰሶው እስካለ ግን ያው ጎጆ ነው እንላለን። በሌላ ሻንሲ ላይ አዲስ ቦዲ አሠርቶ፣ ያረጀ የቁጥር ሰሌዳ ለጥፎ “የ1949 ነው” ማለት ግን ጎጆውን አፍርሶ የበሩን ቁልፍ ማሳየት ነው።

የአሉሚኒየሙ መኪና ምሰሶ እንጨቱ ነው። እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በላይ እርጥበት ከያዘ ሻጋታ ሊበላው ይችላል፣ ከላይ ያለው ላሜራ ግን ምንም አይመስልም። ክፍቱ ኤክስኬ 120 በውጭ በኩል የበር እጀታ የለውም፤ እጅ ወደ ውስጥ ሰድዶ ገመድ መሳብ ነው። ገመዱን ስበው በሩን ሲከፍቱ ጫፉ ወደ መሬት ትንሽ ዝቅ ካለ፣ መልሰው ለመዝጋትም ማንሣት ካስፈለገዎት፣ ኮፈኑን ከማስከፈትዎ በፊት ስለ እንጨቱ ይጠይቁ።