ስልክዎ የገንዘብ ቦርሳዎ ሲሆን፦ አዲሱ ርካሽ ቀፎ ወይስ ያገለገለው ውድ?

በአዲስ አበባ ነዳጅ ማደያዎች የዲጂታል ክፍያ ግዴታ የሆነው በአውሮፓውያኑ ሚያዝያ 2023 ነበር። ከዚያ ወዲህ አሽከርካሪው ወደ ማደያ ሲያመራ የሚመለከተው የነዳጁን ጠቋሚ ብቻ አይደለም፤ የስልኩ ባትሪ ስንት በመቶ እንደቀረውም ያያል። ሞቃዲሾ ውስጥ ደግሞ በበካራ ገበያ ከሚጠጣው ሻይ አንስቶ እስከ ቤት ኪራይ ድረስ ክፍያው የሚፈጸመው በስልክ ነው። የዓለም ባንክ በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት ከ16 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሶማሊያውያን መካከል 73 በመቶ ያህሉ የሞባይል ገንዘብ እንደሚጠቀሙ ገልጾ ነበር። የአገሪቱ ማዕከላዊ መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ በገበያው የተሰራጨው የሽልንግ ኖት አብዛኛው ሐሰተኛ በመሆኑ፣ ሕዝቡ ከወረቀቱ ይልቅ በስልክ የሚላከውን ዶላር ማመኑ የሚያስገርም አይደለም።

በዚህ የተነሳ «የትኛውን ስልክ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ የካሜራ ጥራትና የመልክ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ግን ደመወዝ የሚገባበትን፣ ዕቁብ የሚከፈልበትንና ለቤተሰብ የሚላክበትን መሣሪያ መምረጥ ሆኗል። በመርካቶም ሆነ በናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳና ገዢው የሚገጥመው ፈተና ተመሳሳይ ነው። በያዘው ገንዘብ በካርቶን የታሸገ አዲስ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም አይቴል መግዛት ይችላል፤ በዚያው ዋጋ ደግሞ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሳምሰንግ ወይም አይፎን ሊያገኝ ይችላል።

ገንዘቡ ያለው የት ነው?

ብዙ ሰው ስልኩ ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። በቴሌብርም ሆነ በኤም-ፔሳ የሚታየው ሒሳብ የተመዘገበው በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ተመጣጣኙ ገንዘብም በባንክ ይቀመጣል። ቀፎው የሚያደርገው የባለቤቱን ትዕዛዝ ማስተላለፍ ብቻ ነው። ሳፋሪኮም በ2007 ኤም-ፔሳን በኬንያ ሲጀምር ዝርዝሩን ያስቀመጠው በሲም ካርዱ ላይ ስለነበር፣ ሲሙ በየትኛውም ተራ ቀፎ ውስጥ ቢገባ አገልግሎቱ አብሮ ይመጣ ነበር። ያን ያህል በፍጥነት የተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም ነበር።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2021 ያስተዋወቀው ቴሌብርም *127# በመደወል ይሠራል። ይህ ዩኤስኤስዲ የሚባለው መንገድ የስልክ ጥሪን ለማገናኘት የሚያገለግለውን የኔትወርኩን የውስጥ መስመር ስለሚጠቀም ኢንተርኔት አይፈልግም። ከቀፎው የሚጠበቀው ቁጥር መጫንና ጽሑፍ ማሳየት ብቻ ነው።

መንገዱ ጠባብ መሆኑ ግን አልቀረም። አንድ የዩኤስኤስዲ ገጽ በላቲን ፊደል 182 ያህል ምልክቶችን ሲይዝ፣ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ የሚገባው ከ80 አይበልጥም። በአጭር የጽሑፍ መልዕክትም እንዲሁ ነው፤ 160 የላቲን ፊደል በሚይዘው መልዕክት ውስጥ የሚገባው የአማርኛ ፊደል 70 ብቻ ነው። የአማርኛው ዝርዝር አጥር ምጥን ብሎ የሚቀርብበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል አናባቢውን በውስጡ የያዘ በመሆኑ ጉዳቱ በመጠኑ መካካሱ መልካም ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ሻጮች ደስ ብሏቸው የሚናገሩት አይደለም። ገንዘብ ከመቀበልና ከመላክ ያለፈ ፍላጎት ለሌለው ሰው ባለ ቁልፉ ስልክ ይበቃዋል። ባትሪው ለቀናት ይቆያል፤ ሲወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፤ አጭበርባሪዎች በመተግበሪያ መልክ የሚልኩት ተንኮለኛ ፋይልም አይገባበትም። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት ገጠር ለሚኖሩ ወላጆች ስማርትፎን መላክ ሁልጊዜ ውለታ ነው ማለት አይቻልም።

መተግበሪያው የሚሰጠውና የሚነሳው

ስማርትፎን የሚያስፈልገው ለነጋዴው፣ ለሾፌሩና ሒሳቡን መከታተል ለሚፈልግ ሰው ነው። መተግበሪያው የወራት የገንዘብ እንቅስቃሴን በቅደም ተከተል ያሳያል፤ የሱቁን ኪውአር ኮድ በካሜራ አንብቦ ቁጥር ከመሳሳት ያድናል። በኢትዮጵያ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉት የቴሌብር የብድር አገልግሎቶችም በዝርዝር የሚነበቡት በመተግበሪያው ላይ ሲሆን ነው።

ነገር ግን መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ምንም ነው። ይህን ከሱዳናውያን በላይ የሚያውቅ የለም። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲቀሰቀስና ባንኮች ሲዘጉ ባንካክ የተሰኘው የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ለብዙዎች የዕለት እንጀራ መግዣ ሆነ። በየካቲት 2024 በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን በመተግበሪያው ውስጥ ያለው ገንዘብ የሚታይም የሚነካም አልሆነም። የሳተላይት ኢንተርኔት የሆነው ስታርሊንክ ያላቸው ሰዎች በሰዓት ሒሳብ ማከራየት ጀመሩ፤ ከውጭ ዘመድ የላከውን ለመቀበልም ሰልፍ መያዝ ግድ ሆነ። በኢትዮጵያም ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ጊዜያት ልዩነቱ ታይቷል፤ የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ቦታ አጭር ቁጥሩ ሊሠራ ይችላል፣ መተግበሪያው ግን አይከፈትም። ስማርትፎን ያለውም ሰው ቢሆን አጭር ቁጥሩን መልመድ ያለበት ለዚህ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ስልክ

በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስልኩን ወደ መክፈያው ማሽን አስጠግቶ መክፈል ለምዷል። ይህ ኤንኤፍሲ የሚባለው ቴክኖሎጂ በአራት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ በሬድዮ ሞገድ የሚነጋገር ሲሆን፣ እንደ አፕል ፔይ ባሉ አገልግሎቶች የካርዱ ትክክለኛ ቁጥር ለነጋዴው አይተላለፍም፤ በምትኩ ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ሌላ ቁጥር ይላካል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ይሁንና ያው ስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ችሎታው በአብዛኛው ያንቀላፋል፤ በአካባቢው ያሉት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች የተገነቡት በስልክ ቁጥር፣ በአጭር ቁጥርና በኪውአር ኮድ ላይ ነው። ሻጩ ለኤንኤፍሲ ሲል ዋጋ ቢጨምር እሺ የሚባልበት ምክንያት ብዙም አይታይም።

ይበልጥ አሳሳቢው የሲሙ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከተሸጡት መካከል ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ሲም ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም፤ የሚሠሩት ኢሲም በተባለው በሶፍትዌር በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ዘመድ በስጦታ የላከው ስልክ ተቀባዩ አገልግሎት ሰጪ ኢሲም ካልጫነለት ውድ ካሜራ ሆኖ ይቀራል። በወርኃዊ ክፍያ የተገዛ ስልክም ዕዳው እስኪያልቅ ለሸጠው ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። በአይፎን ላይ ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ ላይ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ከተጻፈ ስልኩ ክፍት ነው። ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ቢታይ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ሁለቱ ቀፎዎች ሲነጻጸሩ

የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ባለቤት የሆነው ትራንሽን መቀመጫው በቻይናዋ ሼንዘን ሲሆን በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም የጀመረው በ2011 ነው። በአፍሪካ ገበያ የበረታው የገዢውን ኑሮ አይቶ በመሥራቱ ነው፦ ሁለት ሲም፣ ትልቅ ባትሪ፣ ጠቆር ያለ የፊት ቆዳን አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ። ሁለት ሲም መያዙ ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 በኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረና በቀጣዩ ዓመት ኤም-ፔሳን ካስከተለ በኋላ የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የቴሌብርን ሲም እና የኤም-ፔሳን ሲም በአንድ ቀፎ መያዝ የሚፈልግ ነጋዴ ቁጥሩ ብዙ ነው።

በባትሪም አዲሱ ርካሽ ስልክ ይበልጣል። 5,000 ሚሊአምፐር ሰዓት ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኝ መጠን ነው። እስከ አይፎን 14 ያሉት የአፕል ስልኮች ባትሪ ከ500 ሙሉ ዙር ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ያገለገለ ቀፎ ይህን ዙር ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ ባትሪው የሚያልቅበት ሰው ደግሞ ማምሻውን ታክሲ መክፈል ላይችል ነው።

ይሁን እንጂ የርካሾቹ ስልኮች ማስታወቂያ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ጂቢ ራም» ተብሎ ከተጻፈው ጎን በትንንሽ ፊደል «4+4» የሚል ካለ፣ እውነተኛው ራም አራት ብቻ ነው፤ ሌላው አራት ከማከማቻው የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይወዳደርም። በፊት ገጽታ መክፈቻም ቢሆን ልዩነት አለ። አይፎን በዓይን የማይታዩ ከ30,000 በላይ የብርሃን ነጠብጣቦችን ፊት ላይ በመርጨት ቅርጹን ሲለካ፣ ብዙ ርካሽ ስልኮች የሚያደርጉት በተራ ካሜራ ማየት ብቻ ነው፤ ይህ በፎቶግራፍ ሊታለል ይችላል። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው የጣት አሻራውን ቢጠቀም ይሻላል።

ያገለገለው ውድ ስልክ ትልቁ ድክመት ዕድሜው ነው። የስልክ ሶፍትዌር ቀዳዳ በተገኘበት ቁጥር አምራቹ መድፈኛ ይልካል፤ ጊዜው ሲያልፍ ግን መላኩን ያቆማል። በ2019 የወጣው ጋላክሲ ኤስ10 በ2023 ከዚህ ዝርዝር ወጥቷል። አይፎን ኤክስም በዚያው ዓመት የመጣውን አይኦኤስ 17 አላገኘም። ሁለቱም ዛሬም በመስታወት ሳጥን ውስጥ አምረው ይታያሉ፤ ገንዘብ ለማስቀመጥ ግን በሩ ያልተቆለፈ ቤት ናቸው። በአንጻሩ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24፣ ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። አዲሶቹ ርካሽ ስልኮች በዚህ ረገድ የሚመሰገኑ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የሚያገኙት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛን የሚደፋው እንዲህ ነው። ውሎው በስልክ ክፍያ ላይ የተመሠረተ ሾፌር ወይም ባለሱቅ ዋስትና ያለው አዲስ መካከለኛ ቀፎ ቢይዝ ይሻለዋል። ቤትና ቢሮ ቻርጅ የሚያገኝ ሰው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ያገለገለ ሳምሰንግ ቢመርጥ አይጎዳም። አምስትና ስድስት ዓመት ያለፈው «ፍላግሺፕ» ግን ለማንም አይመከርም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ እንዲከፈት ይጠይቅ፤ የቀድሞ ባለቤት የአፕል ወይም የጉግል የይለፍ ቃል ከጠየቀ ስልኩ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ይተወው። ሁለተኛ፣ *#06# ብሎ የሚመጣውን 15 አሃዝ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥር ከካርቶኑና ከቀፎው ጋር ያመሳክር። ታንዛኒያ በሰኔ 2016 ሐሰተኛ ስልኮችን ከኔትወርክ አስወጥታለች፤ ኬንያም በ2025 መጀመሪያ ወደ አገር የሚገቡ ስልኮች ቁጥራቸው እንዲመዘገብ ጠይቃ ነበር።

በዱቤ የሚገኝ ስልክ

በኬንያ ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ሆኖ በ2020 በቀን 20 ሽልንግ እየተከፈለ የሚወሰድ ስማርትፎን አቅርቧል። ለብዙዎች በር ከፍቷል። ሆኖም ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ከርቀት ይቆለፋል። ሥራው በስልኩ ላይ ለተመሠረተ ሰው ይህ ማለት ዕዳውን የሚከፍልበት መሣሪያም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው።

ሌባው የሚፈልገው ሲሙን ነው

ቀፎ የሰረቀ ሰው ስክሪኑ ቢቆለፍበትም ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ያስገባል፤ ያኔ በጽሑፍ የሚላኩ የማረጋገጫ ቁጥሮች ለእርሱ ይደርሳሉ። ሌላው ዘዴ የባለቤቱን ማንነት አስመስሎ ምትክ ሲም ማውጣት ነው። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ስልክዎ በድንገት ሲግናል ካጣና ካልተመለሰ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በሌላ ስልክ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉ። «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል መልዕክት ሲመጣም መልዕክቱን ሳይሆን በራስዎ አጭር ቁጥር የከፈቱትን ሒሳብ ይመልከቱ።

ለመጀመሪያው ስርቆት መከላከያው በባለ ቁልፉም በውዱም ስልክ ላይ አለ፤ በሴቲንግ ውስጥ የሚገኘው የሲም ፒን ነው። ሲሙ በማንኛውም ቀፎ ሲከፈት ይህን ቁጥር ይጠይቃል። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ 1234 ወይም 0000 ስለሆነ መለወጥ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይቆለፍና ፒዩኬ የተባለውን ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሲሙ ተነቅሎ በወጣበት ፕላስቲክ ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱን ከስልኩ ለይተው ቤት ውስጥ ያስቀምጡት።