የኤክስሬይ ዲቴክተር ብቃት እንዴት ይለካል?

የሴሚኮንዳክተር ኤክስሬይ ዲቴክተር ከሲሊኮን ወይም ከጀርማኒየም ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ የዋጠው ጨረር ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስለቅቃል፤ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ምት መጠን የጨረሩን ጉልበት ይናገራል። የደረሰው ጨረር ሁሉ ግን አይቆጠርም። የተቆጠረው ድርሻ የዲቴክተሩ ብቃት ይባላል፤ መጠኑም ከጨረሩ ጉልበት ጋር ይለዋወጣል።

ይህ ልዩነት የስምጥ ሸለቆ ባልጩት ሲለካ ጎልቶ ይታያል። በአዳማ አካባቢ ቦሰት፣ በመተሐራ አጠገብ ፈንታሌ የባልጩት ተራሮች ናቸው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ያለው ጋዴሞታ ደግሞ ከ276,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች የተገኙበት ስፍራ ነው። አንድ መሣሪያ ከየትኛው ተራራ በተገኘ ድንጋይ እንደተሠራ የሚታወቀው በውስጡ ባለው የሩቢዲየም፣ የስትሮንቲየም፣ የዚርኮኒየምና የኒዮቢየም መጠን ነው። ድንጋዩ በኤክስሬይ ሲመታ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከ13 እስከ 17 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያለው የየራሳቸው ጨረር ይወጣቸዋል፤ የብረት ጨረር ግን 6.4 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሊኮን የብረትን ጨረር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይውጣል፤ ከዚርኮኒየም ጨረር ግን ከሲሶ በላይ ያመልጠዋል። ቁጥሩ ካልታረመ ዚርኮኒየም ከእውነቱ አንሶ ይነበባል። በአንድ ዲቴክተር የተለኩ ድንጋዮች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ጉድለቱ ብዙ አይጎዳም፤ የሌላ ላቦራቶሪ ውጤት ሲጨመር ግን ያሳስታል።

የብቃት ልኬቱ (ካሊብሬሽን) የሚሠራው በሰከንድ የሚያወጣው ጨረር በተረጋገጠ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ነው። አይረን-55 በ5.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ አሜሪሲየም-241 በ13.9፣ በ17.8ና በ59.5 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለባልጩት የሚፈለገው ክልል ከሞላ ጎደል በአሜሪሲየም የመጀመሪያ ሁለት ነጥቦች መካከል መዋሉ ትልቅ ዕድል ነው። በየነጥቡ የተቆጠረው ከምንጩ ከወጣውና ወደ ዲቴክተሩ ካቀናው ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ ርቀቱ በጥንቃቄ ይለካል፤ የምንጩ መዳከምም ይታሰባል። አይረን-55 በ2.7 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አሜሪሲየም-241 ለዚያ 432 ዓመት ይፈጅበታል።

በነጥቦቹ መሃል ያለው ክፍተት የሚሞላው በስሌት ነው። ስሌቱ ጨረሩ የሚገባበትን የቤሪሊየም መስኮት፣ ከክሪስታሉ ፊት ያለውን የማይሠራ ስስ ንብርብርና የክሪስታሉን ውፍረት ያካትታል፤ የአምራቹ ቁጥሮችም መነሻ ብቻ ስለሆኑ ውጤቱ ነጥቦቹ ላይ እስኪያርፍ ይስተካከላሉ። ለጀርማኒየም ጥንቃቄው ይበልጣል፦ ብቃቱ 11.1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ በድንገት ዝቅ ስለሚል፣ ነጥቦችን በለስላሳ መስመር ማገናኘት ብቻውን ስሕተት ያስከትላል።

ይዘቱ የታወቀ ድንጋይን መለካትም ሌላ መንገድ ነው። ይሁንና በሰፊው የሚታወቀው የካሊፎርኒያ ማመሳከሪያ ራዮላይት በሚሊዮን 220 ገደማ ዚርኮኒየም ሲይዝ፣ የስምጥ ሸለቆ ባልጩት ብዙ ጊዜ ከ1,000 ይበልጣል። ማመሳከሪያው ይህን መጠን ስለማይሸፍን፣ ለዚህ ባልጩት ዲቴክተሩን ራሱን በምንጭ መፈተሽ ይጠቅማል።