የሮዝሊን እድርተኞች

ከሲያትል ተነስቶ በስኖኳልሚ የተራራ በር ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጥድ የከበባት ሮዝሊን የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ነዋሪዎቿ ዛሬ 1,000 አይሞሉም። በመቃብሯ ያረፉት ግን ወደ 5,000 ይጠጋሉ። ስለዚህ ሮዝሊንን ለማወቅ የፈለገ ሰው ዋናውን መንገድ ለኋላ አቆይቶ መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ቢወጣ እመክራለሁ።

መቃብሩ አንድ አይደለም። በዛፎች ጥላ ሥር በተዳፋቱ ላይ ከ20 የሚበልጡ መቃብሮች ጎን ለጎን ተሰድረዋል። የክሮኤሺያዎቹ፣ የስሎቫኮቹ፣ የፖላንዶቹ፣ የሊቱዌንያዎቹ፣ የጣሊያኖቹ እያሉ ይቀጥላሉ። የጥቁር አሜሪካውያኑ ማውንት ኦሊቬት ይባላል። አንዳንዱ የአገር ልጆች ማኅበራት ይዞታ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ኦድ ፌሎውስ ያሉ የወንድማማች ማኅበራት ይዞታ ነው። ሌላው ጎብኚ ይህ ሁሉ ክፍፍል ለምን እንዳስፈለገ ግራ ሊገባው ይችላል። የእኛ ሰው ግን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ እድር ነው።

ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። የኖርዘርን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ሃዲዱን በካስኬድ ተራሮች አሻግሮ ወደ ፓሲፊክ ዳርቻ ሲዘረጋ ለእንፋሎት ሞተሮቹ የድንጋይ ከሰል በቅርብ ፈለገ፤ እዚሁ አገኘው። ሮዝሊን በ1886 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኩባንያው እጅ ተቆረቆረች። መሬቱም፣ ሥራውም፣ ሱቁም የኩባንያው ነበር። ያ የኩባንያ ሱቅ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

የሮዝሊን ከሰል ይወጣ የነበረው ከምድር በታች በተኛው የከሰል ንጣፍ ውስጥ ክፍል በክፍል እየተቆፈረ ነው። በክፍሎቹ መካከል ጣሪያውን የሚሸከም የከሰል ምሰሶ ይተዋል። ንጣፉ ሲያልቅ ቆፋሪዎቹ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ምሰሶዎቹንም ይቆርጧቸዋል፤ ጣሪያውም ከኋላቸው ይናዳል። የሥራው ክፉ ሰዓት ይህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን በዓይን አይታይም። ከሰሉ ሲቆፈር በውስጡ ታምቆ የኖረው ሜቴን ጋዝ ይለቀቃል፤ ነፋስ በደንብ ካልተላለፈ ይጠራቀማል፤ የአንድ ፋኖስ ነበልባል ከነካው ይፈነዳል። ከዚያ የከሰሉ አቧራ ራሱ እሳቱን እየተቀበለ ያራግበዋል።

ሜይ 10 ቀን 1892 በቁጥር 1 ማዕድን የሆነው እንዲህ ያለ ፍንዳታ ነው። 45 ሰዎች አለቁ፤ ነጭም ጥቁርም ነበሩ። በዋሽንግተን ግዛት የከሰል ማዕድን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም። በ1909 ደግሞ በቁጥር 4 ማዕድን 10 ሰዎች ሞቱ።

በዚያ ዘመን ባሏ ጉድጓድ ውስጥ የቀረባት ሴት ማንን ልትጠይቅ ትችላለች? ግዛቲቱ ለሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚከፍል ሕግ ያወጣችው በ1911 ነው። ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ኩባንያውን መክሰስ ነበር፤ ያም እንግሊዝኛ በቅጡ ለማትናገር መበለት ተራራ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ለማኅበሩ መዋጮ ይከፍላል። ሲታመም ይደጎማል፤ ሲሞት ማኅበርተኛው ሬሳውን አጅቦ በራሱ መቃብር ይቀብረዋል፤ ለቤተሰቡም ገንዘብ ይሰጣል። የኩባንያ ከተማ ውስጥ ሠራተኛው የእኔ ነው ሊለው ከሚችለው ጥቂት መሬት አንዱ ይህ መቃብር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእኛ እድር የሚለየው አንድ ነገር አለ። የሰፈር እድር በአብዛኛው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ከየትም የመጣውን ጎረቤት አንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጣል። ሮዝሊን ላይ ከምድር በታች በአንድ ጣሪያ ሥር የዋሉ ሰዎች ለመቀበር ሲሆን በአገርና በቀለም ተለያዩ።

የቀለሙ ነገር መነሻ አለው። በ1888 ቆፋሪዎች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ኩባንያው ከሌሎች ግዛቶች ጥቁር ሠራተኞችን በታጠቁ ጠባቂዎች አሳጅቦ አመጣ። ብዙዎቹ አድማ መኖሩን የሰሙት ከመጡ በኋላ ነው። በሌሎች አድማ ላይ ተጭነው የገቡ እንግዶችን ማን በደስታ ይቀበላል? ግን ቀሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ልጆች ወለዱ፤ ከነጮቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ወረዱ። በ1975 ሮዝሊን ዊልያም ክሬቨንን ከንቲባ አድርጋ መረጠች። በዋሽንግተን ግዛት ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ እሱ ነው። ስለ ሮዝሊን ከተጻፈው ሁሉ ይህን የመሰለ የሚያስደንቀኝ የለም።

ባቡሮቹ ወደ ናፍጣ ሲዞሩ ከሰሉ ገበያ አጣ፤ የመጨረሻው ማዕድን በ1963 ተዘጋ። ወጣቱ ተሰደደ። የቀረው ነዋሪ ግን የእንጨት ቤቶቹን አላፈረሰም። በ1978 ከተማዋ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባች። ከ1990 እስከ 1995 የተላለፈው ኖርዘርን ኤክስፖዠር የተሰኘ የቴሌቪዥን ድራማ የአላስካ ከተማ አስመስሎ እዚሁ ስለተቀረጸ ዛሬም ለእሱ ብለው የሚመጡ አሉ። ብሪክ የሚባለው መጠጥ ቤት ከ1889 ጀምሮ አለ። ከባንኮኒው ሥር ውኃ የሚወርድበት ቦይ ተዘርግቷል፤ ለምራቅ ነው። ጋዝ ባለበት ጉድጓድ ማጨስ አደጋ ስለሆነ ትንባሆ ማኘክ የቆፋሪ ልማድ ነበር።

በሲያትልና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በአሜሪካ ከተሞች ያሉ ወገኖቻችን በባዕድ አገር የሞተውን ለመሸኘት እድር ሲያቋቁሙ፣ የሮዝሊን ስደተኞች ከመቶ ዓመት በፊት የገጠማቸውን ጥያቄ እየመለሱ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መኪናውን በጎረቤት ከተማ በክሌ ኤለም አቁሞ፣ ከሰል ይጫንበት የነበረው ሃዲድ ተነስቶ የእግር መንገድ በሆነው መስመር ላይ በእግሩ ይሂድ። ከጉድጓዱ የወጣው ጥቁር ጥራጊ እስካሁን ተቆልሎ ይታያል። ሮዝሊን ሲደርስ ወደ ተዳፋቱ ይውጣ፤ ከአጥር ወደ አጥር እያለፈ በየድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች ያንብብ።