የማይተኛው ጌሾና የሚያንቀላፋው ሽንኩርት

በተከራየሁበት ግቢ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሁለት ተክሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ጌሾ ነው፤ በጋ ቢሆን ክረምት አረንጓዴ ነው። ሌላው ግማሹን ዓመት ደብዛው ጠፍቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከባዶ አፈር ላይ ቀይ ኳስ አንስቶ የሚቆም ሽንኩርታም አበባ ነው። ችግኝ ለመግዛት ከሚወጣው ሰው ሁለቱንም የሚፈልግ አላየሁም። ጌሾ «የጠላ ነገር» ነው፣ ሽንኩርቱ ደግሞ «የጫካ አረም»። ሁለቱም ያለ ሥራቸው ተንቀዋል ባይ ነኝ።

ስለ ጌሾ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጠላ የቀመሰ ሁሉ መራራውን ያውቀዋል። ቅጠሉ ደርቆ ተወቅጦ ለጠላ ጥንስስ ይገባል፣ እንጨቱ ደግሞ ጠጅ ሲጣል ከብርዙ ጋር ይሆናል። መራራውን ንጥረ ነገር እነ ኬሚስቱ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከቅጠሉ ውስጥ ለይተው አውጥተው፣ «ጌሾይዲን» የሚል ስም ሰጥተው በ1995 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ስሙ ከነአማርኛው በኬሚስትሪ መዝገብ ገብቷል ማለት ነው። «የሚያሰክረው ጌሾው ነው» የሚሉትን ግን በዚሁ ልመልስ። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው፤ ጌሾ መራራነቱን ይሰጣል፣ መጠጡ እንዳይበላሽም ያግዛል።

ለግቢ ሲሆን ግን ጌሾን የምወድደው ስለ ቅጠሉ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ በቅባት የታሸ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ በጥቃቅን ጥርሶች የተከበበ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል፤ «ፕሪኖይደስ» በግሪክኛ አረንጓዴነቱን የማይለቀውን የባሉጥ ዛፍ የሚመስል ማለት ነው። ተክሉ ከኛ ደጋ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተፈጥሮ ይበቅላል፤ እዚያ ያሉ አትክልተኞች ለአጥር ይተክሉታል፣ እኛ ግን ከጓሮ አናወጣውም። አበባው ጥቃቅንና አረንጓዴማ ስለሆነ ዓይን አይስብም፤ ንብ ግን አታልፈውም። ፍሬው አተር ያክላል፣ መጀመሪያ ቀልቶ በኋላ ይጠቁራል።

«ሁልጊዜ አረንጓዴ» ሲባል ቅጠሉ አይረግፍም ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ይረግፋል። የጌሾ ቅጠል ግን አንድ ቀን ተመካክሮ በጅምላ አይወርድም፤ ያረጀው በተራው እየወደቀ አዲሱ ቦታውን ስለሚይዝ ነው ዛፉ ራቁቱን የማይታየው። ስለዚህ ጠላ ጠማቂዎች፣ ለአንድ ድግስ ብላችሁ ቅርንጫፉን እስከ ጫፉ አትላጡት። ትንሽ ትንሹን ልቀሙ፣ የቀረው ቅጠል ለሚቀጥለው ይሠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ዋናው ነገሬ እሱ ነው።

ሰው «የጅብ ሽንኩርት» ይለዋል፤ ስሙ ግን የአንድ ተክል ብቻ አይደለም፣ የሽንኩርት ዓይነት ራስ ኖሮት የማይበላውን ሁሉ ይጠራበታል። አማርኛ ሰው የማይበላውን ለጅብ መስጠት ይወዳል፤ እንጉዳይንም «የጅብ ጥላ» ብሎታል። እኔ የምለው ሳይንስ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ የሚለውን ነው። ከድሮ ጀምሮ ሄማንተስ፣ ማለትም «የደም አበባ» ከሚባለው ወገን ተቆጥሮ ነበር። ኢብ ፍሪስና ኢንገር ኖርዳል የተባሉ የዕፅዋት ሊቃውንት በ1976 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ወገኖች እንደገና ለዩዋቸው፤ ሄማንተስ 16 ክሮሞዞም ሲኖረው፣ ስካዶክሰስ 18 አለው። በአንድ ዘንግ ላይ እስከ 200 የሚደርሱ ትናንሽ ቀይ አበቦች ተሰብስበው አንድ ኳስ ይሆናሉ። መልኩ እንዳያታልላችሁ፣ ሊኮሪን የሚባል መርዝ አለበት፤ ልጅም ፍየልም እንዳይቀምሰው ጠብቁ።

የሚያብበው የበልጉ ዝናብ ሲነካው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ብዙ ሰው «ፀደይ» ሲባል መስከረምንና አደይ አበባን ያስባል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ስለዚህ እውነተኛውን የፀደይ አበባ የሚፈልግ ሰው፣ መስከረምን ለአደይ ትቶ ሚያዝያ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ይፈልግ።

አሁን ስለ እንቅልፉ። ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሲደርቅ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይተኛል፣ ይበሰብሳል፣ ላዩ ላይ ምንም አይቀርም። ባለፈው በጋ አንድ ሠራተኛ አጥሩ ሥር ሲቆፍር፣ ቡጢ ያክሉ የነበሩትን ሽንኩርቶች እያወጣ ከቆሻሻው ክምር ላይ ወረወራቸው። «ምነው?» ስለው፣ «ጋሼ፣ የሞተ ነገር ነው» አለኝ። አንዱን አንሥቼ በጣቴ ተጫንኩት፤ ጠንካራና ከባድ ነበር። የሞተ ነገር እንዲህ አይከብድም።

ያላመነኝ ሰው ወጥ ቤት ይግባ። ቀይ ሽንኩርት የዚሁ አበባ ሩቅ ዘመድ ነው፤ የዛሬ ሊቃውንት በአንድ ቤተሰብ ያስገቧቸዋል። አንዱን ሽንኩርት ከላይ ወደ ታች ለሁለት ክፈሉት። ታች ያለችው ጠንካራ ሳህን የመሰለች ነገር፣ ስትከትፉ ቆርጣችሁ የምትጥሏት፣ ግንዱ ማለት እሷ ናት፤ ተጨፍልቃ አጥራለች እንጂ እውነተኛ ግንድ ናት። ሥሩ ከእሷ ወደ ታች ይወርዳል። ከእሷ ወደ ላይ የተደራረበው ሥጋማ ልባስ ደግሞ ቅጠል ነው፤ ምግብና ውሃ አጠራቅሞ ያበጠ የቅጠል እግር። ስለዚህ ሽንኩርት ሥር አይደለም። ተጠቅልሎ ስንቁን ይዞ የተኛ ሙሉ ተክል ነው። ቅርጫት ውስጥ የረሳችሁት ሽንኩርት ያለ አፈርና ያለ ውሃ አረንጓዴ ምላስ አውጥቶ ያስደነገጣችሁ ቀን የለም? ያ ከስንቁ መብላቱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በዚህ ዓይነት አበቦች ዘንድ የሚቀጥለው ዓመት አበባ ብዙውን ጊዜ ከወዲሁ በሽንኩርቱ ልብ ውስጥ በትንሹ ተሠርቶ ይቀመጣል። ተቆፍሮ የሚጣለው እንግዲህ የሚያዝያን አበባ ጭምር ያዘለ ነው። እኛ «ደርቋል» ስንል እሱ የሚጠብቀው ዝናብ ብቻ ነው።

ይህንን ዑደት የሚያበላሹ ሦስት ስህተቶች አሉ፤ ሦስቱንም ሠርቻቸዋለሁና መውቀስ ይፈቀድልኝ። የመጀመሪያው መቆፈሩ ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። በበጋ «አሳዘነኝ» ብሎ የጎማ ውሃ የሚለቅበት ሰው የተኛን ሽንኩርት ያበሰብሰዋል፤ እኔ ሁለት የገደልኩት በደግነት ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ አበባው ሲጠወልግ ቅጠሉን አብሮ ማጨድ ነው። አበባው ቀድሞ ይወጣል፤ ቅጠሉ ከእሱ ጋር ወይም ከኋላው ተከትሎ ነው የሚመጣው፣ የታች እግሮቹ ተጠቃቅለው እንደ ሙዝ ያለ ሐሰተኛ ግንድ ይሠራሉ። ሰው አበባው ስላለፈ «ከእንግዲህ ምን ይሠራል» ይልና ያጭደዋል። ስንቁ የሚጠራቀመው ግን አሁን ነው፤ ቅጠሉ ክረምቱን ሙሉ ብርሃን ሰብስቦ ወደ ታች ያወርዳል። በአረንጓዴነቱ የታጨደ ሽንኩርት በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ቢጫ ሆኖ በራሱ እስኪወድቅ ዝም በሉት፤ አያምርም፣ ግን ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ ለግቢ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ አንዱን ከሌላው መምረጡ ራሱ ስህተት ይመስለኛል። ጌሾ ብቻ የተከለ ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ግድግዳ ያያል፤ የለመደውን ግድግዳ ደግሞ ዓይን ይረሳዋል። ሽንኩርቱን ብቻ የተከለ ሰው ብዙ ወር ባዶ አፈር ይጠብቃል፤ ባዶ አፈር ደግሞ ቆፋሪ ይጠራል። ጌሾውን ከኋላ፣ ሽንኩርቶቹን ከፊቱ ጥላው ሥር፣ አንገታቸው ከአፈሩ እኩል ሆኖ ትከሉ። ያኔ ቀዩ ኳስ ከጥቁር አረንጓዴው ፊት ይበራል፤ በበጋ ደግሞ ጌሾው ሽንኩርቱ የተኛበትን ቦታ ይጠብቅለታል።

ከክምሩ ላይ የለቀምኳቸውን መልሼ እንደዚሁ ተከልኳቸው። ምልክት የሚሆን ችንካር ስፈልግ አከራያችን እማማ አዩኝና ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ገቡና የተሰበረ ጀበና ይዘው ወጡ፤ አንገቱን ከሽንኩርቶቹ መሐል ራሳቸው ተከሉት። የሚቀጥለው ሠራተኛ መቆፈሪያ ይዞ ሲመጣ ከበረንዳው ሆነው፣ «አንተ ልጅ፣ ከጀበናው ወዲህ እንዳትነካ፣ የተኛ አለ» ሲሉት ሰማሁ።