ዲከረንስ የባሕር ዛፍ ዘመድ አይደለም

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲኬድ፣ በተለይ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የቆመው ቅጠለ ደቃቃ ዛፍ ዲከረንስ ነው። ሙሉ ስሙ አካሺያ ዲከረንስ፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ፣ የሲድኒ አካባቢ። ከሰሉ ከፋግታ ለኮማ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ይህን የአዊ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ዘመዶቹን ግን የሚያውቅለት ጥቂት ነው። «ያው ባሕር ዛፍ በለው፤ ሁለቱም ከአውስትራሊያ የመጡ መሬት አድራቂዎች ናቸው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! የተማረ ሰው ሲለው ደግሞ ይብስብኛል። ያገር ልጅነት ዝምድና አይደለም። ተክል የሚመደበው በመጣበት አገር ሳይሆን በአበባውና በፍሬው፣ ዛሬ ደግሞ በዘረ መሉም ጭምር ነው። በዚህ ከሄድን የባሕር ዛፍ ቤተሰቦች ዘይቱን፣ ቅርንፉድና የራሳችን ዶቅማ ናቸው። ዲከረንስ ግን ከባቄላ፣ ከአተርና ከግብጦ ወገን ነው። ፍሬውን ከፍታችሁ እዩት፤ ዘሩ እንደ አተር በሁለት ገበር መካከል ተደርድሯል። ችግኙን ከነሥሩ ንቀሉት፤ ባቄላ ሥር ላይ የምታውቋቸውን ትናንሽ እብጠቶች ታገኛላችሁ። በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ወደሚመገበው ይለውጡታል። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ የሚበቅልበት ምሥጢርም ይኸው ነው። ባሕር ዛፍ ይህ የለውም።

ውሃ አይጠጣም አላልኩም፤ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ሁሉ ይጠጣል። ግን የአዊ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ችግኙን ከጤፍ ጋር ያስገባዋል። ጤፉ ከታጨደ በኋላ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብት ያጭዳል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍ ይዘራል። ጉቶው ደጋግሞ በሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ይህን ዙር መሥራት አይታሰብም።

ከግራሮቻችን ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እሾሃሙ ግራርና እሾህ የለሹ ዲከረንስ ለረጅም ዘመን አካሺያ በሚባል አንድ ወገን ተመድበው ኖረዋል። በኋላ ምርምሩ የአንድ ወገን ልጆች አለመሆናቸውን ሲያሳይ ስሙ ለማን ይቅር የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። መጀመሪያ ስሙ የወጣው ለአፍሪካው ግራር ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና፣ ከዚያም በ2011 በሜልቦርን በተካሄዱት የዕፅዋት ጉባኤዎች ለአውስትራሊያዎቹ ጸናላቸው። የእኛዎቹ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተባሉ። ዲከረንስን ብወደውም ይህ ውሳኔ ዛሬም ቅር ያሰኘኛል።

ችግኝ የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ አስተውሉ። የዲከረንስ ለጋ ቅርንጫፍ ከቅጠሉ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ጎላ ያለ ጠርዝ አለው፤ ቅጠሎቹም ረዘም ረዘም፣ ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው። ቅጠሎቹ አጫጭርና ጥቅጥቅ ካሉ ወንድሙ መርንሲ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ፣ ስንዴ ላይ እንደምናውቀው ያለ ዋግ ዛፉን እያደረቀው ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር በተተከለበት አገር እንዲህ ያለ በሽታ ከማሳ ማሳ ለመሻገር ምን ያግደዋል? ቅጠሉ ወይም ግንዱ ላይ ቡናማ ዱቄት የታየበትን ችግኝ ርካሽ ነው ብላችሁ ወደ ጤነኛ ቀበሌ አትውሰዱ።