ከፍ ያሉትን ክፍሎች ስለሚመራ መምህር

በሊቦ ከምከም፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ባለው በጣራ ገዳም ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በጥዱና በወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የማውቀው የልጆች አባት ወደ እኔ ቀርቦ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «ጌታዬ፣ እርስዎ የቤተ ክህነቱንም የሚሲዮኑንም ትምህርት ያዩ ሰው ነዎትና ምክር ይስጡኝ። ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። እስከ ዓምና ድረስ ያልሁትን ሁሉ እሺ ይል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ስለ ምን ይለኛል። ስምንተኛ ክፍልንም ጨርሷል። እንግዲህ ከማን እጅ ላግባው?»

የዚያን ዕለት የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩ ግን የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ወላጆች ጭንቀት መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ አስቤ የደረስሁበትን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለአንባቢዎች ለማቅረብ ወደድሁ።

ልጅን በለጋነቱ ማቃናት እንደሚገባ የማይናገር የለም። ከለጋነቱ ወጥቶ ጕልማሳ እስኪሆን ባለችው በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ማን ሊመራው እንደሚገባ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ሕፃን መምህሩን የሚያምነው መምህሩ ስለ ሆነ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን የሚያምነው፣ መምህሩ የሚያስተምረውን ነገር በእውነት ዐዋቂ ሆኖ ሲያገኘው ነው። በዚህ ዕድሜ አለንጋ ፍርሃትን ያመጣ እንደ ሆነ ነው እንጂ አክብሮትን ከቶ አያመጣም።

ይህንን ያገራችን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ፊደሉንና ዳዊቱን ልጅ በአጥቢያው ደብር ይማረዋል፤ ከፍ ያለውን ትምህርት ግን ተማሪው አገር አቋርጦ በስም የታወቀውን መምህር ፍለጋ ይሄዳል። ድጓን ሊያስመሰክር የፈለገ ወደ ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ የተክሌን አቋቋም የፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ይጓዛል። ሦስቱም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር ያሉ ናቸው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቍራሽ ለምኖ፣ በሣር ጎጆ እያደረ የሚማረው ይህ ተማሪ መምህሩን የመረጠው ራሱ ነው። ባይረካ ማልዶ ተነሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። ስለዚህ የኔታ ከፍ ያለውን ተማሪ አስሮ የሚይዝበት ገመድ እውቀቱ ብቻ ነው።

እኔም በልጅነቴ በቅኔ ቤት ሳለሁ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተማሪዎች ቀን በየዱሩ ቅኔ ሲቈጥሩ ይውሉና ማታ በመምህሩ ፊት ይነግራሉ፤ መምህሩም ያርማሉ። አንድ ማታ ከታላላቆቹ ተማሪዎች አንዱ፣ የኔታ በሰጡት እርማት ላይ በትሕትና ተነሥቶ የግሡ አገባብ ሌላ እንዳይሆን ጠየቃቸው። እኛ ታናናሾቹ ይቈጣሉ ብለን ስንፈራ፣ የኔታ ጥቂት ዝም አሉና «ልክ ነህ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምረህ ታናናሾቹን አንተ አስጠናልኝ» አሉት። ከዚያች ማታ በኋላ ለየኔታ ያለን ፍርሃት ቀነሰ፤ አክብሮታችን ግን እጅግ በዛ።

ስለ ደብረ ታቦር አቋቋም የሚተረከውም ከዚህ ጋራ የሚሄድ ነው። ስመ ጥሩው አለቃ ገብረ ሐና ከልጃቸው ከተክሌ ጋራ ሆነው፣ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው ያለውን የደንገል መወዛወዝ እየተመለከቱ አዲስ የዝማሜ ሥርዐት እንዳወጡ፣ በጎንደር የነበሩት ሊቃውንትም አዲስ ነገር ነው ብለው ሳይቀበሉት እንደ ቀሩ፣ በኋላም ልጃቸው በደብረ ታቦር እያስተማረ እንዳጸናው ይነገራል። ያ አቋቋም እስከ ዛሬ የሚጠራው በአባት ስም አይደለም፤ ተክሌ እየተባለ በልጁ ስም ነው። ታላቅ መምህር ማለት ተማሪው ከእርሱ አልፎ ሲሄድ መንገድ የሚለቅ ሰው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይህን የመሰለውን አሳብ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመፈጸም የሞከሩ ሰዎች በጀርመን አገር ይገኛሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሽቱትጋርት ከተማ ዋልዶርፍ አስቶሪያ የሚባለውን የሲጋራ ፋብሪካ ይመራ የነበረው ኤሚል ሞልት፣ ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ለማቆም አስቦ ሩዶልፍ ሽታይነር የሚባለውን ፈላስፋ ለመነው። ትምህርት ቤቱም ጳጉሜን 2 ቀን 1911 ዓ.ም. በ12 መምህራንና በ256 ልጆች ተከፈተ። የወዛደሩና የባለጠጋው ልጅ፣ ወንዱና ሴቲቱ ባንድነት ተቀመጡ። ዋልዶርፍ የሚለው የትምህርት ቤቶቹ ስም የመጣው ከዚያው ከፋብሪካው ስም ነው።

መንግሥትም ትምህርት ቤቱን ሲፈቅድ የቈረጠው ውል ነበር፤ ይኸውም ልጆቹ ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ስምንተኛውን ክፍል ሲጨርሱ እውቀታቸው ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋራ እንዲተካከል ነው። ከዚያ በመለስ ግን ምን በየትኛው ጊዜ እንደሚያስተምሩ መምህራኑ ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ሹማምንት ለሆኑ አንባቢዎቻችን ይህ ውል ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል፤ መንግሥት ፍሬውን እየመዘነ እርሻውን ለገበሬው ተወለት ማለት ነውና።

ሽታይነር እንዳስተማረው ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ በመምሰል ይማራል፤ ከሰባት እስከ አሥራ አራት የሚወድደውንና የሚያከብረውን መምህር በመከተል ይማራል፤ ከአሥራ አራት በኋላ ግን የራሱ ፍርድ ይነቃል። ስለዚህ እስከ ስምንተኛው ክፍል አንድ መምህር ከልጆቹ ጋራ ከዓመት ወደ ዓመት እያለፈ ያሳድጋቸዋል። ከዘጠነኛው ጀምሮ ግን ለየትምህርቱ የተማረበት ሰው ይቆማል፤ ሒሳቡን የሒሳብ ዐዋቂ፣ ታሪኩን የታሪክ ዐዋቂ ያስተምራል። በሽቱትጋርትም በስምንት ክፍል ተጀምሮ በየዓመቱ አንድ አንድ እየተጨመረ በ1916 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛው ክፍል ተሟላ።

በነዚህ ከፍ ባሉት ክፍሎች አንድ ዋና ትምህርት በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሙሉ ሳይቋረጥ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ይተካል። ተማሪው የሰማውንና የመረመረውን በገዛ እጁ ጽፎና ሥሎ መጽሐፉን ራሱ ያዘጋጃል። መሬት መለካት፣ እንጨት መጥረብ፣ መሸመን፣ መጽሐፍ መጠረዝ ከፊደል ትምህርቱ ጋራ እኩል ይከበራል። በገዛ እጁ መሬት የለካ ልጅ ስለ ምን ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከመምህሩ አፍ ብቻ ሳይሆን ከምድሩም ያገኘዋል።

እንግዲህ እነዚህን ክፍሎች የሚመራው ምን ዓይነት ሰው ነው? በመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንደ ሌላው ሥፍራ በሁሉ ላይ የሚያዝ ዋና ሹም አልነበረም። ሽታይነር እስከ ሞተበት እስከ መጋቢት 21 ቀን 1917 ዓ.ም. በላይ ሆኖ ቢመራም፣ ሥራው የሚመከረው መምህራኑ በየሳምንቱ በሚያደርጉት ጉባኤ ነበር። ዛሬም በብዙዎቹ ዘንድ የከፍተኛ ክፍሎች መሪ ከመምህራኑ መካከል ተመርጦ ለጥቂት ዓመታት አደራውን ይቀበላል እንጂ ማስተማሩን አይተውም።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የትኛው ትምህርት በየትኛው ወር እንዲውል፣ የትኛውም መምህር ከየትኛው ክፍል እንዲገባ ይደለድላል። አዲስ የመጣው መምህር ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል፤ ጕድለቱንም በተማሪ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይነግረዋል። በጉባኤው ላይ አንድ የተቸገረ ተማሪ ሲነሣ መምህራኑ ሁሉ ያዩትን በየተራ እንዲናገሩ ያደርጋል፤ አንዱ ሰነፍ ያለውን ልጅ ሌላው በእጅ ሥራው ብልህ ሆኖ አግኝቶት ይሆናልና። ስምንት ዓመት ካሳደጋቸው መምህር ተለይተው ወደ ዘጠነኛ የሚገቡትን ልጆች ተቀብሎ ያጽናናል። ወላጆችም በዚያን ጊዜ «የመንግሥት ፈተና ይመጣልና ልጃችንን እናውጣ» ሲሉ፣ ፈተናውን ሳይንቅ ትምህርቱንም ለፈተና ባሪያ ሳያደርግ ያስረዳቸዋል። በሰላም የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእንጀራው ነገር ነው። ትምህርት ቤት በራሱ ይቆማል ማለት ያለ ድጋፍ ይቆማል ማለት አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ከሚሲዮን የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ፣ ያገሩንም ልጆች ጥበቡን ያስተምሩ ነበር። ሥራው በንጉሡ እጅ ብቻ የተያዘ ስለ ነበረ፣ ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያልፉ ባለሙያዎቹም አገር ለቀው ሄዱ፤ ጋፋትም ባዶ ቀረች። የሽቱትጋርትንም ትምህርት ቤት የናዚ መንግሥት በ1930 ዓ.ም. ዘጋው። ነገር ግን አሳቡን የያዙ መምህራንና ወላጆች ስለ ነበሩ ጦርነቱ እንዳለቀ በ1938 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ፤ ዛሬም በዓለም ላይ በዚህ ሥርዐት የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። በእኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ የደብር መምህራን ይተዳደሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። የድጓው፣ የቅኔውና የመጻሕፍቱ ወንበር ግን ፈጽሞ አልታጠፈም፤ ተማሪው ቍራሽ መለመኑን፣ ባላገሩም መስጠቱን አላቋረጡምና። ከዚህ የምንረዳው፣ ወንበሩን የሚያቆመው ያጥቢያው ሰው ፍቅር መሆኑን ነው።

ሆኖም አንባቢን ለማሳሳት አልፈልግም። ሽታይነር ስለ መንፈስ ያስተማረው ብዙው ነገር ከቤተ ክርስቲያናችን ሃይማኖት ጋራ አይስማማም፤ ስለ ሰው ዘር ልዩነት ከተናገረውም ዛሬ ብዙ ሰዎች የሚነቅፉት አለ። ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት የእኛ ፈንታ ነው። ደግሞም በብዙ አገር እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የሚኖረው ወላጅ በሚከፍለው ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ለሠራተኛ ልጆች የተጀመረው ነገር ለባለጠጋ ልጆች ብቻ እንዳይሆን ያሠጋል። የጋይንቱ ተማሪ ያለ ገንዘብ መማሩ በዚህ ረገድ ከአውሮፓው የሚበልጥ ክብር ነው።

እንግዲህ ልጁን ከፍ ወዳለው ክፍል የሚያስገባ ወላጅ፣ ትምህርት ቤቱ የማንም ቢሆን መሪውን ሦስት ነገር ይጠይቀው ዘንድ እመክራለሁ። መጀመሪያ፣ እርሱ ራሱ ዛሬም ያስተምራል ወይስ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ሆኗል? ሁለተኛ፣ ከመምህራኑ ጋራ የሚመክርበት የታወቀ ቀን አለውን? ሦስተኛ፣ ተማሪ በአክብሮት ሲያርመው ምን ይላል? ቀጥሎም ወላጁ ራሱን ይጠይቅ፤ ይህ መምህር የሚያድርበትን እንጀራ በማቆየት የእኔ ድርሻ ምንድር ነው?

በጣራ ገዳም የጠየቀኝ አባት ይህንኑ ምክር ይዞ ወደ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሄዶ ነበር። የመጀመሪያው መሪ ስለ ሕንጻው ስፋት ብዙ ነገረው። ሁለተኛው ግን ክፍል ውስጥ ስለ ነበረ ጥቂት አስጠበቀውና፣ ጠመኔ የነካው እጁን እያራገፈ ወጥቶ እንዲህ አለው፤ «የፊዚክስ መምህራችን ሄዶብናል። ሌላ እስክናገኝ ድረስ ሌሊት እያጠናሁ ቀን እኔው አስተምራለሁ። ልጅዎ አንዳንድ ቀን ቀድሞኝ ቢገኝ እንዳይደንቅዎ።»

አባትየውም ልጁን ከዚያ አስገባው። ስለ ምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ይህን የሚል ሰው ልጄ ስለ ምን ሲለው አይደነግጥም» አለኝ። መኸሩም ሲገባ ለልጁ ስንቅ ሲልክ ለመምህራኑም ጤፍ ጨምሮ መላኩን ሰምቼ ደስ አለኝ።